ሰው እንዴት ይሳላል? ደሴ ላይ ተሞክሮ የተጻፈ መመሪያ

አንድ ሆቴል ለእንግዳ መቀበያው የሚሰቀል ሥዕል አዘዘኝ። "የወሎ ቆንጆ አድርግልን" አሉ። ሳይዘረዝሩልኝ ገባኝ። እናንተም ገብቷችኋል። ሹሩባ፣ ትልልቅ ዓይን፣ ሰልካካ አፍንጫ፣ መቃ አንገት፣ በእጇ ጀበና፣ ከጀርባዋ ደብዘዝ ያለ የጦሳ ተራራ። በዐሥር ቀን ጨረስኩት። ሲሰቀል አየሁ፤ ወደዱት። ወጥቼ ፒያሳ ሳልደርስ ግን አንድ ጥያቄ ከነከነኝ። ይቺ ልጅ ማን ናት? ስም የላትም። ጎረቤት የላትም። ጉንፋን ይዟት አያውቅም። ከሆጤ እስከ ሸዋ በር ብታስሱ አታገኟትም።

ከዚያ በኋላ የማውቀውን ሰው ብቻ ለመሳል ወሰንኩ። ፊት ለፊቴ አስቀምጬ፣ ማን እንደሆነ ትንሽም ቢሆን እስኪገባኝ። ማንነት ትልቅ ቃል ነው፤ በየስብሰባው ስለሚነሣ ጆሯችን ሰልችቶታል። ብሩሽ ይዛችሁ አንድ ሰው ፊት ስትቀመጡ ግን ቃሉ ያንሳል፤ በእጅ ይያዛል። ትከሻዋ ለምን ወደ ግራ አዘነበለ? ሰው ሲያዳምጥ ለምን አገጩን ይይዛል? እኔ የምፈልገው ይህንን ነው።

ከዚህ በታች ያለው የምሠራበት መንገድ ነው። ሥዕል ትምህርት ቤት ላልገባ ሰው ይሆናል። የገባ ሰው የሸራውን ክፍል ይዝለለውና ቀጥታ ወደ ቡናው ይሂድ።

ሸራው

ዝግጁ ካንቫስ ውድ ነው። እኔ አቡጀዲ ነው የምወጥረው። ጠበቅ ብሎ የተሸመነውን ምረጡ። ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ስታዩት እንደ ወንፊት ካሳለፈ ለባለሱቁ መልሱለት።

አናጢ ዘንድ ሄዳችሁ 60 በ80 ሳንቲ ሜትር የሆነ የጣውላ ፍሬም አሠሩ። ለጀማሪ ይበቃል። ፊት በትክክለኛ መጠኑ፣ ከነትከሻውና ከነእጁ ይገባበታል። ለአናጢው አንድ ነገር አደራ በሉት፦ ወደ ጨርቁ የሚዞረውን የጣውላ የውስጥ ጠርዝ በመላጊያ ትንሽ ዝቅ ያድርገው። አለዚያ ጠርዙ ጨርቁን ይነካና ከጊዜ በኋላ ሥዕሉ ላይ መስመር ሆኖ ይወጣል።

አቡጀዲውን ስትወጥሩ ከአራቱም ጎን ከመሐል ጀምሩ። ከዚያ ወደ ጥግ እየሄዳችሁ በትንንሽ ሚስማር ምቱት። ከጥግ የጀመረ ሰው ጨርቁ ይጨማደድበታል። በጣታችሁ ስትመቱት እንደ ከበሮ ድም ካለ በቃ።

አሁን ሁለት ነገር ይቀባል። መጀመሪያ ኮላ 1 እጅ፣ ውሃ 3 እጅ አድርጋችሁ በጥብጡና ቀቡት። ይድረቅ። ቀጥሎ ነጩ፦ 2 እጅ ነጭ የውሃ ቀለም፣ ያው ግድግዳ የሚቀባው፣ 1 እጅ ኮላ፣ 1 እጅ በወንፊት የተነፋ ጀሶ። ጀሶው ላይ ተጠንቀቁ። በጥቂት ውሃ ካቦካችሁት ባልዲው ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። በብዙ ውሃ በጥብጡት፣ እየተመላለሳችሁ አማስሉት፣ አሳድሩት። ጠዋት ላይ ውሃው ከላይ ጠልሎ ታገኙታላችሁ። ውሃውን ድፉት። ከሥር የቀረው ለስላሳ ጭቃ ከእንግዲህ አይጠነክርም፤ እሱን ነው የምትጠቀሙት።

አንዱን ዙር ወደ ጎን፣ ሲደርቅ ሁለተኛውን ከላይ ወደ ታች ቀቡ። በመሐል በብርጭቆ ወረቀት በስሱ እሹት። ሁለት ዙር ይበቃል። እኔ "ይጠንክር" ብዬ አምስት ጊዜ ደራረብኩና ያለቀውን ሥዕል ከፍሬሙ ፈትቼ፣ ጠቅልዬ፣ በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። የሐረጎን ጠመዝማዛ ስንወርድ ጎኔ የተቀመጠው ሰው ተደገፈው። ስፈታው የሰውየው ግንባር ውሃ እንደራቀው ኩሬ ተሰነጣጥቋል። ወፍራም ነጭ አይታጠፍም። መጠቅለል ግድ ከሆነ ደግሞ ቀለሙ ወደ ውጭ ይሁን።

ቀለምና ከሰል

ለጀማሪ አክሬሊክ ይሻላል። በውሃ ይቀጥናል፣ አይሸትም፣ ቶሎ ይደርቃል። የዘይት ቀለም ውበቱ ሌላ ነው፤ ግን ማቅጠኛ (አኳራጅ) ይፈልጋል፣ መስኮት መክፈት ይፈልጋል፣ የደሴ ብርድ ደግሞ መስኮት አያስከፍትም። በአክሬሊክ ላይ የዘይት ቀለም መቀባት ይቻላል። በዘይት ላይ አክሬሊክ ግን አይያዝም፤ ይላጣል።

ስድስት ቀለም ይበቃችኋል፦ ነጭ፣ የሎ ኦከር (አፈርማ ቢጫ)፣ አንድ ቀይ፣ በርንት ሲየና (ቀላ ያለ ቡናማ)፣ በርንት አምበር (ጠቆር ያለ ቡናማ)፣ አልትራማሪን ሰማያዊ። ጥቁሩን ለጊዜው ሱቅ ተዉት፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚራራቁት። ኮምቦልቻ ግን 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፣ ትሞቃለችም። ደሴ ላይ በሐምሌ ጉም አክሬሊካችሁ ተዝናንቶ ነው የሚደርቀው። ኮምቦልቻ ላይ በሚያዝያ ፓሌቱ (ቀለም መቀላቀያው) ላይ እያያችሁት ቆዳ ያወጣል። እዚያ የምትሠሩ ከሆነ ቀለሙን በእርጥብ ጨርቅ ላይ ጨምቁት፤ በየመሐሉም ውሃ ነፋ ነፋ አድርጉበት።

ከሰሉን ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል። የምድጃ ከሰል ጠንካራ ነው፤ ወረቀት ይቧጥጣል። የእርሳስ ውፍረት ያለው ደረቅ ጭራሮ ቆራርጣችሁ ክዳን ባለው የወተት ጣሳ ውስጥ እጭቅ አድርጋችሁ ሙሉ። ክዳኑን በሚስማር አንዴ ብሱት። እሳት ላይ ጣሉት። ከቀዳዳው የሚወጣው ጭስ ሲያቆም አውጡት፣ እስኪቀዘቅዝ አትክፈቱት። ቀድማችሁ ከከፈታችሁ አየር ያገኝና አመድ ይሆናል።

መጀመሪያ ራሳችሁን

ሰውን ከማስቸገራችሁ በፊት መስታወት ፊት ተቀመጡ። ሆላንዳዊው ሠዓሊ ሬምብራንት ዕድሜ ልኩን ራሱን ሲስል ኖሯል። በዘይት ቀለም ብቻ 40 ያህል የራሱ ምስል አለው፤ ከወጣትነቱ እስከ ሞተበት 1669 እ.ኤ.አ. ድረስ። ሜክሲኳዊቷ ሠዓሊ ፍሪዳ ካህሎ እ.ኤ.አ. በ1925 የአውቶቡስ አደጋ ደርሶባት አልጋ ላይ ስትቀር ከአልጋዋ በላይ መስታወት ተሰቅሎላት ነው ራሷን መሳል የጀመረችው። ሁለቱም ጋ ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ራስህ ሁሌም አለህ፣ አትከፈልም፣ "ሰለቸኝ" ብለህ ተነሥተህ አትሄድም።

መስኮቱ በጎናችሁ እንዲሆን ተቀመጡ፤ ብርሃኑ ከጎንና ትንሽ ከፍ ብሎ ይምጣ። አምፖሉን አጥፉት። ሁለት ብርሃን ካለ ፊት ላይ ሁለት ጥላ ይወጣና ሁሉም ነገር ይምታታል። በቀን ግማሽ ሰዓት፣ ለአምስት ቀን፣ በከሰል ብቻ። በአምስተኛው ቀን መስታወቱን ገልብጡትና በቃላችሁ ሳሉ። ምን እንደቀረ፣ ምን እንደጠፋ እዩ። እኔ ስሞክረው የቀረው ቅንድቤና የታችኛው ከንፈሬ ነበር። አፍንጫዬን ከየት እንዳመጣሁት እንጃ።

ቤተሰብ "አልመሰልክም" ቢላችሁ አትደንግጡ። መስታወት ይገለብጣል። እናንተ የምታውቁት ፊትና እነሱ የሚያውቁት ፊት ግራና ቀኙ ተለዋውጧል።

ከፎቶ መሳል ይቻላል ወይ? ይቻላል፤ ለጀማሪ ግን አልመክርም። የመታወቂያ ፎቶ ደግሞ ጭራሽ አትንኩ። ፎቶ ቤት ውስጥ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። "ነጠላሽን አውርጂ፣ ጆሮ ይታይ፣ ቀና በይ፣ አትሳቂ።" ሰው ሰውን የሚያውቅበት ነገር ሁሉ ተገፍፎ የቀረው ነው እዚያ ላይ የሚታተመው።

መጠየቅ

ቢያንስ አንድ ዓመት የምታውቁትን ሰው ምረጡ። መንገድ ላይ ያያችኋትን ቆንጆ ተዉአት። የማታውቁትን ሰው ስትስሉ ከማየት ይልቅ መገመት ትጀምራላችሁ፤ ግምታችሁ ደግሞ ከሌላ ሥዕል የተወሰደ ነው።

ለትልቅ ሰው አጠያየቁን ታውቁታላችሁ። ገብታችሁ፣ ተቀምጣችሁ፣ ጤና ተጠያይቃችሁ፣ ከዚያ ነው "እማማ፣ አንቱን ልስል ብዬ ነበር" የሚባለው። መልሱ ከሦስቱ አንዱ ነው። "እኔን? አርጅቼ?" ወይም "ቆንጆዋን ልጄን ሳላት።" ወይም ደግሞ "ለቲክቶክ ነው?" ለሦስቱም እውነቱን ንገሩ። የት እንደሚሰቀል፣ እንደሚሸጥ እንደማይሸጥ፣ ከተሸጠ ምን እንደሚደርሳቸው አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሥዕሉ ካለቀ በኋላ የሚነሣ የገንዘብ ወሬ ጉርብትና ያበላሻል።

እምቢ ያለን ሰው አትለማመጡ። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት ሕይወት ያለው ነገር መሳል ሃይማኖታቸው እንደማይፈቅድላቸው ነገሩኝ። ቅር እንዳይለኝ ብለው ግን ጨመሩ። "ፊቴን ተወው ልጄ። ጀበናዬን ከፈለግህ ሳል።"

ሳልኩት። ጀበናዋ ጥቁር ናት፤ አንገቷ ላይ ተሰንጥቃ በቀጭን ሽቦ ሦስት ዙር ታስራለች። ሽቦው በእሳት ብዛት ቀልቷል። ጎኗ ላይ ሰውነቷን ሲያሽከረክር የኖረ ጣት ያረፈበት ቦታ አለ፤ እዚያ ጋ ጥላሸት የለም፣ ያብለጨልጫል። ረከቦቱ ላይ ስድስት ሲኒ፤ አንዱ ከሌሎቹ ጋር አይገጥምም፣ አበባው ሰማያዊ ነው። ከኋላ ባዶ በርጩማ። ሌላ ምንም የለም። ልጃቸው ደጅ ላይ እንዲደርቅ ያስደገፍኩትን ሲያይ ገና ከበሩ ሳይገባ "የእማ ጀበና!" አለ። ከዚያ ጎረቤቱ ሁሉ አንድ በአንድ እየመጣ ተመሳሳይ ነገር አለ። "ጀበና" ያለ አንድም ሰው የለም። "የእሳቸው" ነው ያሉት።

እኔ ስለ ሰው ሥዕል ከተማርኩት ትልቁ ይህ ነው ብል አላጋነንኩም። ስለዚህ ፊት ያልፈቀደላችሁ ሰው ካለ እጁን፣ ጀርባውን፣ ጫማውን ጠይቁ። ያንንም እምቢ ካለ ቡናችሁን ጠጥታችሁ አመስግናችሁ ውጡ።

ሦስቱ ዙር

ሰው ሞዴል ሁን ሲሉት ይደርቃል። ትንፋሹን ይይዛል፣ ፎቶ ቤት የገባ ይመስለዋል። ቡና ሲፈላ ግን ሁሉም ሰው ራሱን ነው። ጊዜውም የተከፋፈለ ነው። እኔ ንድፌን ሁሉ በቡና ነው የምሠራው። የምትስሉት ሰው ቀጂው ሳይሆን ጠጪው ቢሆን ይመረጣል፤ ቀጂ እጅ አይቆምም።

አቦል ላይ ፊት አትንኩ። ከሰል ይዛችሁ በአንድ በአንድ ደቂቃ አምስት ስድስት ንድፍ ጣሉ። የምትፈልጉት አቀማመጡን ነው። ክብደቱ የት ነው ያረፈው? በየትኛው ጉልበት ላይ? ጀርባው ግድግዳ ይፈልጋል ወይስ ወደ ፊት ይደፋል? በር ሲንኳኳ ማን ቀድሞ ይዞራል? አንድን ሰው ከኋላው፣ ከሩቅ፣ በጉም ውስጥ "እገሌ ነው" የምትሉት በፊቱ አይደለም። በአካሄዱና በትከሻው ነው። ይህ ንድፍ ላይ ከሌለ ምንም ያህል ዓይንና አፍንጫ ብታስተካክሉ አይመጣም።

ቶና ላይ ለኩ። እጃችሁን ቀጥ አድርጋችሁ፣ አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ፣ በብሩሹ እጀታ። ዓይን ከራስ ቅል አናትና ከአገጭ መሐል ላይ ነው የሚያርፈው። ጀማሪ ሁሉ ወደ ላይ ይሰቅለዋል፤ ግንባር ይጠፋል። በሁለት ዓይን መሐል የአንድ ዓይን ስፋት አለ። ቆሞ ያለ አዋቂ ሰው ሰባት ራስ ተኩል ያህል ይሆናል። ከዚህ በላይ ሕግ አያስፈልጋችሁም፤ የሰውየው ፊት ከሕጉ የሚያፈነግጥበት ቦታ ነው ሰውየው ያለው።

ፊቱ በየት በኩል ይዙር የሚለውንም እዚህ ጋ ወስኑ። አክስቴን መጀመሪያ የሳልኳት ከጎን ነበር። አፍንጫዋ ደስ ስለሚለኝ። ሥዕሉን አየችው፤ ዝም አለች። በኋላ "ምን በደልኩህ?" አለችኝ። "ምነው?" ብላት "አንድ ዓይን አደረግኸኝ!" ሳቅኩ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ትክክል ናት። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ነው የሚሳሉት። በአንድ ዓይን፣ ከጎን የሚሳለው ሰይጣንና ክፉ ሰው ነው። አክስቴ ይህንን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ግድግዳ ላይ ስታይ ያደገች ናት። ስለዚህ ወደ ጎን ዘወር ያለ፣ ግን ሁለቱም ዓይን የሚታይበት አቀማመጥ ምረጡ። ለጀማሪም ከፊት ለፊቱ ይቀላል፤ አፍንጫው ቅርጹን ያሳያል።

በረካ ላይ ጥላና ብርሃን። ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ እዩ። ዝርዝሩ ይጠፋና ሦስት ነገር ይቀራል፦ ጨለማ፣ መካከለኛ፣ ብርሃን። በሦስቱ ብቻ ሳሉ። የዓይን ጉድጓድ፣ ከአፍንጫ ሥር፣ ከታችኛው ከንፈር ሥር፣ ከአገጭ ሥር፤ ጨለማው በብዛት እነዚህ ውስጥ ነው። ዱአ ወይ ምርቃት ሲጀመር ከሰሉን አስቀምጡ። እጃችሁንም ዘርጉ።

ጠይም ስንት ቀለም ነው?

ሰው ስንገልጽ ጠይም፣ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጥቁር እንላለን። ቃሎቹ ለወሬ ጥሩ ናቸው። ፓሌት ላይ ይዛችኋቸው ከሄዳችሁ ግን ታበላሻላችሁ። "ቀይ ናት" ተብላችሁ ቀይ ቀለም የጨመቃችሁ እንደሆነ ጉንፋን የያዘው ሰው ነው የሚወጣው።

መነሻው በርንት ሲየናና የሎ ኦከር ነው። ከዚህ ሁሉም ይወጣል። ለማጥቆር አልትራማሪን ጨምሩ፤ በጣም ከጠለቀ በርንት አምበርም ያግዛል። ለማፍካት ነጭ ብቻውን አትጨምሩ። ነጭ ብቻውን ጠይም ፊት ላይ አመድ የተነፋ ያስመስላል። ከነጩ ጋር ሁልጊዜ ኦከር ወይም ጥቂት ቀይ ይግባ።

ፊት አንድ ወጥ ቀለም አይደለም። ግንባር ወደ ቢጫ ያደላል። አፍንጫ፣ ጉንጭና ጆሮ ደም ስላለባቸው ይቀላሉ። አገጭና መንጋጋ ቀዝቀዝ ይላል፤ ጺሙን በሚላጭ ሰው ላይ ሰማያዊ ግራጫ ይሆናል። ልዩነቱ ትንሽ ነው። ግን እሱ ከሌለ ፊቱ የእንጨት ይሆናል።

አሁን ወደ መስኮቱ ተመልከቱ። ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ከተማው ላይ ሲተኛ ብርሃኑ ቀዝቃዛ ነው። ያን ጊዜ የጠይም ሰው ግንባርና የጉንጭ አጥንት ላይ የሚያበራው ነጥብ ነጭ አይደለም፤ ሰማያዊ ግራጫ ነው። ጥላው ደግሞ ይሞቃል፤ ሲየናው ይወጣል። ጥቅምት ላይ ይገለበጣል። ፀሐይዋ ብርሃኑን ታሞቀዋለች፣ ጥላው ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ይህንን አንዴ በዓይናችሁ ካያችሁ የቀለም መጽሐፍ አያስፈልጋችሁም። አንድን ሥዕል ግን በአንድ ዓይነት ብርሃን ጨርሱ። በጉም ጀምራችሁ በፀሐይ ከጨረሳችሁ ግማሽ ፊት ሐምሌ ግማሽ ፊት ጥቅምት ይሆናል። እኔ ደርሶብኛል።

ጥቁሩን ተዉት ያልኩት ለዚህ ነው። ጀማሪ ጥላ ሲያይ ጥቁር ይጨምራል፤ ቆዳው ጥላሸት ይሆናል። በዕውቀት የሚጠቀሙበት አሉ። አሜሪካዊው ሠዓሊ ኬሪ ጄምስ ማርሻል ሰዎቹን ሆን ብሎ በጥቁር ነው የሚሠራቸው። ግን የተለያዩ ጥቁሮችን እየለየ፣ አንዱን እያሞቀ ሌላውን እያቀዘቀዘ ነው። እዚያ እስክንደርስ ሰማያዊና አምበር ይበቁናል።

ምልክት ከማብዛት

አክስቴን ለሁለተኛ ጊዜ ስስላት ሁለት ዓይን ሰጠኋት። አሳመርኳትም። የአንገት መስቀሏን አጎላሁት፣ ጥለቱን አደመቅሁት፣ ሹሩባዋን እንደ አዲስ ሠራሁላት። አየችውና "ይቺማ ሆቴል የሰቀልካት ልጅ ናት" አለችኝ። ሆቴሉ ገብታ አይታታለች ለካ!

ሰውን በምልክት መሳል ይቀላል። መስቀል ካለ ክርስቲያን፣ ሻሽ ካለ ሙስሊም፣ ምርኩዝ ካለ ሽማግሌ። ወሎ ላይ ግን ይህ ቶሎ ያሳፍራል። አንድ ቤት ውስጥ የአባት ስም መሐመድ፣ የልጅ ስም ገብረ ሥላሴ ሊሆን ይችላል። እዚሁ ደሴ ያለውን አይጠየፍ አዳራሽ ያሠሩት የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1878 ከተደረገው የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ ከመጠመቃቸው በፊት መሐመድ አሊ ነበሩ። በምልክት ብቻ የምትሄዱ ከሆነ እኛ ሰፈር ትሳሳታላችሁ።

ስለዚህ ይህንን ሞክሩ። ሰውየውን አንዴ ከነምልክቱ ሳሉት። ሁለተኛ ምልክቱን ሁሉ አውጥታችሁ ሳሉት። ሁለተኛውን አይተው የሚያውቁት ሰዎች ካወቁት ምልክቱን መልሳችሁ ማስገባት ትችላላችሁ። ያን ጊዜ መስቀሉ የእሱ መስቀል ይሆናል።

ልብስ ላይም እንዲሁ። ነጠላን ቀለሙን ከማየታችሁ በፊት አለባበሱን እዩ። አዘቅዝቃ ከለበሰች ሐዘን ላይ ናት፤ ያንን በስሕተት ብትስሉ ያየ ሰው ሁሉ "ማን ሞተባት?" ይላል። ነጩም ነጭ አይደለም። እጥፋቱ ውስጥ ግራጫ፣ ሰማያዊ፣ ከቀሚሷ የተንጸባረቀ ቀለም አለ። ንጹሑን ነጭ ለአንድ ሁለት ቦታ ብቻ አስቀሩት።

ከጀርባ የሚሆነውን አታስጨንቁት። አንድ ጸጥ ያለ ቀለም፣ ምናልባት የቤቱ ግድግዳ ቀለም። ተራራ ለማስገባት ከፈለጋችሁ ተራራ ሳሉ።

እጅ

ጀማሪ እጅ ይፈራል። ኪስ ውስጥ ይከተዋል፣ ከነጠላ ሥር ይደብቀዋል። አትደብቁ። ፊት መዋሸት ይችላል፤ ሰው ሲያዩት ፊቱን ያስተካክላል። እጁን የሚያስተካክል ሰው አላየሁም።

ወልድያ የተወለዱት አንጋፋው ሠዓሊ ታደሰ መስፍን ጉልት ላይ የሚሸጡ ሴቶችን በተከታታይ ሥዕሎች ሠርተዋል። ስታዩአቸው ሴቶቹ ቀጥ ብለው የቆሙ ምሰሶ ይመስላሉ። ሥዕሎቹን ካገኛችሁ አቋቋማቸውን አስተውሉ። ከዚያ ሰኞ ገበያ ሂዱና ቆማችሁ እዩ። ሳትስሉ፣ ፎቶ ሳታነሡ፣ ዝም ብላችሁ። ሽንኩርት የምትመድብ ሴት ሦስት ሦስት አድርጋ ከደረደረች በኋላ አንዷን ፍሬ እንዴት አዙራ መልካም ጎኗን ወደ ገዢው እንደምታደርጋት እዩ።

አሠራሩ ይህ ነው፦ ከጣት አትጀምሩ። መዳፉን እንደ አንድ ሳጥን ሳሉት። አራቱን ጣት እንደ አንድ ጓንት አንድ ላይ አድርጓቸው። አውራ ጣት ለብቻው። ከዚያ ነው ጣቶቹን የምትለያዩአቸው። ጥፍርን መጨረሻ ላይ፣ ሁሉንም ሳይሆን አንድ ሁለቱን ብቻ። የእጅ መጠን ከአገጭ እስከ ግንባር መሐል ይደርሳል፤ በራሳችሁ ፊት ላይ አስቀምጣችሁ አረጋግጡ። ጀማሪ ሁሌ ያሳንሰዋል።

አክስቴ ጥጥ ትፈትላለች። ሦስተኛውን ሥዕል እንዝርት ይዛ ነው የሳልኳት። የቀኝ አመልካች ጣቷ ጫፍ ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ ክሩ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ቆዳው እንደ ጠፍር ጠንክሮ ቢጫ ሆኗል። ያንን ጣት ለመሳል ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ፊቷን በአንድ ከሰዓት ጨረስኩት።

መቼ ይቁም?

በየ20 ደቂቃው ሰውየው ይረፍ፣ እናንተም ተነሡ። ሦስት ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሄዳችሁ እዩ። ስሕተቱ ካልታያችሁ ሥዕሉን በመስታወት አዙራችሁ እዩት፤ የተንሻፈፈው አፍንጫ ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። መብራት ከሄደ ደግሞ መልካም ነው። ሥራ አቁሙ። በሻማ የተቀላቀለ ቀለም ጠዋት ሌላ ነው።

ምን ልጨምር ብላችሁ ማሰብ ስትጀምሩ አልቋል። እኔ እዚህ ጋ ብዙ አበላሽቻለሁ። ጉንጭ ላይ "አንዴ ብቻ" ያልኩት ብሩሽ ስንት ጥሩ ፊት አጥፍቷል።

መጀመሪያ ለራሱ ለሰውየው አሳዩ፤ ፌስቡክ ላይ ከመለጠፋችሁ በፊት። ሲያይ አታብራሩ። አክስቴ ሦስተኛውን ስታይ ብዙ ቆየች። ከዚያ ጠጋ ብላ ነጠላውን በጣቷ ልትነካ ስትል እጇን ያዝኩት፤ ገና አልደረቀም። "ነጠላዬን የት አጥበኸው ነው እንዲህ የነጣው?" አለችኝ። ስለ ፊቷ ምንም አላለችም። ስለ ጣቷም። ወደ ጎረቤት ሄዳ ሰው ጠርታ መጣች።

ከጀርባው ቀኑንና የሠራችሁበትን ቦታ ጻፉ። የሰውየውን ስም ግን ሲፈቅድ ብቻ። አክሬሊክ ከሆነ ከሳምንት በኋላ መከላከያ ቫርኒሽ መቀባት ይቻላል። የዘይት ቀለም ከሆነ ስድስት ወርም ዓመትም ታገሡ። ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው ግድግዳ ላይ አይሰቀል። ከምድጃ ይራቅ፤ የእጣንና የከሰል ጭስ በሁለት ዓመት ውስጥ ያጠይመዋል።

ይህንን ለአክስቴ ነገርኳት። ሰማችኝ። በሳምንቱ ስሄድ ሥዕሉ ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል፤ እንደ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል። እንግዳ ሲመጣ ገለጥ ታደርገዋለች። ቡና ሊፈላ ከሰሉ ሲቀጣጠል ደግሞ ተነሥታ ትሸፍነዋለች።